የደብሪቱ አበባና ያልተከፈተው ስብሰባ

እኔ ተረት አለኝ፣ እናንተ ጆሮ አውሱኝ። ደብሪቱ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቀን መናኸሪያ ውስጥ ሶፍት ታዞራለች፤ ሲመሽ እዚያው በረንዳ ላይ ትተኛለች። ፊደል የለየችው ከአውቶቡስ ታፔላ ነው። ከ“ወልድያ” እስከ “ወልቂጤ” ታነባለች፤ ታፔላው ሲያልቅባት ግን ትምህርቷም ያልቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ትምህርት ቤት መግባት።

ለዘገዩ ተማሪዎች ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆመች።

“ጋሼ፣ ይመዝግቡኝ።”

“አድራሻሽ የት ነው?”

“መናኸሪያ፣ ሦስተኛው በረንዳ።”

“በረንዳ አድራሻ አይሆንም፣ ሚጣ። ቤት ይዘሽ ነይ፤ ዘጠኝ ሰዓት እዘጋለሁ።”

ወደ ልጆች ማሳደጊያው ሮጠች። “እትዬ ስንዱ፣ ያስገቡኝ! ቤቱ ካላስገባኝ ትምህርት ቤቱ አይመዘግበኝ!”

የማሳደጊያው ኃላፊ እትዬ ስንዱ የተነጠፈ አልጋ አሳዩዋት። “አልጋውስ ይኸው ባዶውን ይውላል፣ የኔ እናት። ግን ማኅተም ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣሽ ልጅ ሰረቀች እባላለሁ።”

ወደ ቀበሌ ሮጠች። “ጋሼ፣ ማኅተም ይምቱልኝ! ማኅተሙ ካልተመታ ቤቱ አያስገባኝ፣ ቤቱ ካላስገባኝ ትምህርት ቤቱ አይመዘግበኝ!”

ጸሐፊው ደብዳቤውን ወዲያው ጻፈላት። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ግን፣ ለማያውቅ ላስረዳ፣ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ይታያል እንጂ አይበላም። “ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል” አለ ጸሐፊው። “ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ነው። እሳቸው ደግሞ አዳራሽ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።”

“የምን ስብሰባ?”

“የጎዳና ልጆች ጉዳይ።”

ወደ አዳራሹ ሮጠች። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። “ጋሼ፣ ቁልፉን! ቁልፉ ካልመጣ ማኅተሙ አይመታ፣ ማኅተሙ ካልተመታ ቤቱ አያስገባኝ፣ ቤቱ ካላስገባኝ ትምህርት ቤቱ አይመዘግበኝ!”

“ዞር በይ አንቺ! ስለ እናንተ ልንሰበሰብ ነው እኮ! ስብሰባው ሳይከፈት ቁልፍ የሚባል ነገር የለም።”

“ለምን አይከፈትም?”

“ክቡር እንግዳው ከመኪና አልወረዱማ!”

የመኪናውን መስኮት አንኳኳች። “ጋሼ፣ ይውረዱ! እርስዎ ካልወረዱ ስብሰባው አይከፈት፣ ስብሰባው ካልተከፈተ ቁልፉ አይመጣ፣ ቁልፉ ካልመጣ ማኅተሙ አይመታ፣ ማኅተሙ ካልተመታ ቤቱ አያስገባኝ፣ ቤቱ ካላስገባኝ ትምህርት ቤቱ አይመዘግበኝ!”

“አበባ ሳልቀበል?” አሉ እንግዳው ደንግጠው።

እውነታቸውን ነው፤ ክቡር እንግዳ በሕፃን እጅ እቅፍ አበባ ካልተበረከተለት ምኑን ክቡር ሆነ? አበባ ልትሰጥ የተዘጋጀችው ግን የሊቀመንበሩ ልጅ ነበረች፤ አፍራ ሽንት ቤት ገብታ ከውስጥ ቆልፋለች። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ ቢያዩ ደብሪቱ አለች። እቅፉን ደረቷ ላይ ለጠፉት።

“በይ ስጫቸው! ፈገግ በይ!”

ደብሪቱ አበባውን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘችው ሰው ሁሉ አንዳንድ “አይሆንም” ነበረው። ያልነበራት እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ግን ክንዷን ሞልቶታል።

“አልሰጥም።”

“ምን አልሽ?”

“ትምህርት ቤቱ ካልመዘገበኝ አበባው አይሰጥ፣ አበባው ካልተሰጠ እሳቸው አይወርዱ፣ እሳቸው ካልወረዱ ስብሰባው አይከፈት። መጀመሪያ ቁልፉ፣ ጋሼ!”

“ወይ ድርቅና! የማን ልጅ ናት?”

“የማንም” አለች ደብሪቱ።

“እየቀረጽኩ ነው” አለ ስብሰባውን ሊቀርጽ የመጣው የካሜራ ሰው።

የሊቀመንበሩ እጅ ሳይወድ ኪሳቸው ገባ። ቁልፉ መጣ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ቤቱ አስገባ፣ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ትምህርት ቤቱ መዘገበ። እንግዳው ይህን ሁሉ ጊዜ መኪና ውስጥ ጠበቁ፤ አበባው ከደብሪቱ ጋር እየዞረ ነበራ።

ተመልሳ ሰጠቻቸው፤ ወረዱ፤ ስብሰባው ተከፈተ። የጎዳና ልጆች ለምን እንደማይማሩ በስድስት ወር ውስጥ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ተጨበጨበ። በማግስቱ ኮሚቴው ደብሪቱን ሊጠይቅ መናኸሪያ ሄደ። ሦስተኛው በረንዳ ላይ ማንም የለም። “ጠፍታለች” ብለው መዘገቡ። ያን ሰዓት እሷ ክፍል ውስጥ፣ አራተኛው ወንበር ላይ፣ ታፔላ ላይ አይታው የማታውቀውን ፊደል እየጻፈች ነበር።

የኔን ተናገርኩ፤ እናንተም የእናንተን አምጡ። ስብሰባ ብቻ አትጥሩበት።