ከጣሪያ አልወርድም ያለችው ኳስ

ቀረብ በሉ። ደመናው ከጦሳ ተራራ እስኪወርድ ድረስ የማወራችሁ አለኝ። ከወረደ ግን አልጠብቃችሁም፤ እኔም እንደ ሰው ሮጬ ቤቴ እገባለሁ።

ደሴ ውስጥ፣ ዳገት ላይ በተሠራ አንድ ሰፈር፣ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ እግሯ ከኳስ አልተለየም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ከሰዓት፣ የታች ሰፈር ልጆች ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ገጠሙ። ታች ሰፈር ላይ ሰፈርን አሸንፎ አያውቅም። ዛሬ ግን እኩል ለእኩል ናቸው፤ በዚያ ላይ ለታች ሰፈር ሪጎሬ ተሰጠ። መቺዋም ስመኝ ሆነች።

ስመኝ ደግሞ ችኩል ናት። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሳያደርስ ለጋችው። ኳሷ ከግቡ በላይ፣ ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ በርራ የእትዬ ዘነበች ጣሪያ ላይ ጉብ አለች።

«ፊሽካ አልተነፋም፤ ይደገማል» አለ ዳኛው። «ግን የመታ ያመጣል። ዝናቡ ከቀደመሽ ጨዋታው ለላይ ሰፈር ነው።»

የመታ ያመጣል የሚለው የሰፈሩ ሕግ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ሌላ ኳስም የለም። ስመኝ በዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺን ሪጎሬ እንደገና መምታት። ቀና ብላ ደመናውን አየችና ሮጠች።

የእትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ መሰላል አለ። መሰላሉ ግን ሥራ ላይ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ጫፍ እሱ ላይ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ ደግሞ የባለቤታቸው ጋቢ ተሰጥቷል።

«እትዬ፣ መሰላሉን ያውሱኝ። ኳሳችን ጣሪያዎ ላይ ናት።»

«ጋቢው ሳይደርቅ? መሰላሉ ከተነሳ እኮ ጋቢው ጭቃ ላይ ነው። ሰውየው ነገ ማኅበር ምን ለብሶ ይሂድልሽ?»

«መቼ ይደርቃል?»

«በዚህ ክረምት? መስቀል ሲደርስ።»

ጋቢው አልደርቅም አለ፤ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፤ ኳሷ አልወርድም አለች፤ ስመኝም ሪጎሬዋን ሳትመታ ቆመች።

«በካውያ ብንተኩሰውስ?» አለች።

«ካውያውማ ይኸው። ግን የከሰል ነው፤ ከሰሌን ዝናብ መቶት አልያዝ ብሎኛል። ፍም ካመጣሽልኝ እኔው ቀጥ አድርጌ አደርቀዋለሁ» አሉና አንድ አሮጌ መጥበሻ አስያዟት።

ካውያው አልሞቅም አለ፤ ጋቢው አልደርቅም አለ፤ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፤ ኳሷ አልወርድም አለች። ደመናው ግን እንደነሱ አልገገመም፤ ከተራራው ጫፍ ወደ ወገቡ ወርዷል።

መንገዱ ጥግ ጥሩወርቅ በቆሎ ትጠብሳለች። ማንደጃዋ ላይ የቀሩት በቆሎዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ፍም ግን ለካውያ ተርፎ ለምሳ ሥራ ይበቃል።

«ጥሩዬ፣ በናትሽ ፍም ስጪኝ።»

«እነዚህ ሁለቱ ይነሱልኝ እንጂ ሁሉንም ዘግነሽ ውሰጂው። ግን የባሻ ይርጋና የጋሽ ላቀው ናቸው። ዳማ የተሸነፈው ይጋብዛል፤ እስኪሸናነፉ አይነኩትም። ፍሙን ከሰጠሁሽ በቆሎው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ በቆሎ አበላሽኝ ብለው ባሻ እስከ ዓመት አይለቁኝም።»

በቆሎው አልነሳም አለ፤ ፍሙ አልወጣም አለ፤ ካውያው አልሞቅም አለ፤ ጋቢው አልደርቅም አለ፤ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፤ ኳሷ አልወርድም አለች።

ስመኝ ወደ ሱቁ በረንዳ በረረች። ሁለቱ ሽማግሌዎች የዳማውን ገበታ መሀል አድርገው፣ አገጫቸውን ይዘው ተፋጠዋል። አንዳቸውም እጃቸውን አያነሱም።

«ባሻ፣ ቶሎ አይጨርሱም እንዴ?»

«በምኔ ልጨርስ ልጄ? አንዱ ቆርኪ ተንከባሎ ቦይ ገባ፤ ጎርፉ ወሰደው። በሱ ፈንታ የበቆሎ ፍሬ ብናስቀምጥ ያ የሰፈሩ አውራ ዶሮ መጥቶ ለቀመው።»

«ዶሮው ምን አጠፋ» አሉ ጋሽ ላቀው። «እርስዎ አላዩትም እንጂ በዳማውም የሚበላ ነበር።»

«ጠጠር አስቀምጡበት!»

«ጠጠር?» ባሻ ተቆጡ። «እኛ የምንጫወተው በቆርኪ ነው። አንዱ ፊቱን ደፍቶ፣ አንዱ ፊቱን አቅንቶ። ጠጠር ፊቱ የት ነው፣ ጀርባው የት ነው?»

ዳማው አላልቅም አለ፤ በቆሎው አልነሳም አለ፤ ፍሙ አልወጣም አለ፤ ካውያው አልሞቅም አለ፤ ጋቢው አልደርቅም አለ፤ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፤ ኳሷ አልወርድም አለች። ስመኝ ግን ቆርኪ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ቤታቸው፣ በዘይቱ ጠርሙስ አፍ ላይ።

እናቷ የሮምነሽ ትባላለች፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የዘይቱ ጠርሙስ አጠገቧ ነው።

«እማ፣ ቆርኪውን ስጪኝ፤ ቶሎ።»

«ጠርሙሱን በምን ልክደነው? ክፍት ከተውኩት ዝንቡ ነው የሚቀምስልኝ።»

«በጨርቅ።»

«ጨርቅ ዘይቱን ይጠጣዋል።»

«በወረቀት።»

«ወረቀት ይበሰብሳል። ልኩ ቆረቆንዳ ነበር። ፍሬው ተበልቶ ያለቀ በቆሎ አምጪልኝና ቆርኪሽን ውሰጂ።»

ስመኝ ልትሮጥ ዞረችና ቆመች። ቆረቆንዳ እንዲገኝ በቆሎው መበላት አለበት። በቆሎው እንዲበላ ዳማው ማለቅ አለበት። ዳማው እንዲያልቅ ቆርኪው መምጣት አለበት። ቆርኪው እንዲመጣ ደግሞ ቆረቆንዳ ያስፈልጋል። መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። እንደዚያ የምትሮጥ ልጅ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ምን ታድርግ።

«ቆረቆንዳው አልገኝም አለ» አለች እየተንሰቀሰቀች፤ «ቆርኪው አልላቀቅም አለ፤ ዳማው አላልቅም አለ፤ በቆሎው አልነሳም አለ፤ ፍሙ አልወጣም አለ፤ ካውያው አልሞቅም አለ፤ ጋቢው አልደርቅም አለ፤ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፤ ኳሷ አልወርድም አለች፤ ሪጎሬዬ ሊቀር ነው።»

የሮምነሽ ምስሩን አስቀመጠች። ደመናውን አየች፤ ልጇን አየች፤ ቀጥላም የራሷን እጅ አየች።

«ክረምቱን ሙሉ ከዚህ አጥር ጀርባ ሆኜ ጩኸታችሁን እሰማለሁ» አለች። «ገባ ትላላችሁ፤ ማን እንዳገባ አላይም። በአንቺ ዕድሜ ከወንድሞቼ ጋር የጨርቅ ኳስ ስመታ የሚያቆመኝ አልነበረም። በይ ስሚ፤ ቆረቆንዳው እስኪገኝ የጠርሙሱ ክዳን የኔ አውራ ጣት ይሁን። ሪጎሬውን ግን እኔ ልምታው።»

ስመኝ ማልቀሷን አቆመች። የምትፈልገው ያንኑ ሪጎሬ ነበር፤ በምትኩ የምትሰጠው ሌላ ነገር ግን አልነበራትም።

«ብትስቺስ እማ?»

«አንቺስ የት መታሽው?»

«ጣሪያ ላይ» አለች ስመኝ። ደመናውን ቀና ብላ አየችና ሳትወድ «እሺ» አለች።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው። አውራ ጣቱ ጠርሙሱን ደፈነ፤ ጠርሙሱ ቆርኪውን ለቀቀ፤ ቆርኪው ዳማውን አስጨረሰ። ጋሽ ላቀው ተሸንፈው ጋበዙ፤ ባሻም በቆሎውን ጥርስ እንዳለው ሰው ጋጡት። ቆረቆንዳው ጠርሙሱን ከደነና የሮምነሽ ጣት ነፃ ወጣ። በቆሎው ፍሙን ለቀቀ፤ ፍሙ ካውያውን አሞቀ፤ ካውያው ጋቢውን አደረቀ፤ ጋቢው መሰላሉን ፈታ፤ መሰላሉ ስመኝን አወጣ፤ ስመኝም ኳሷን አወረደች።

ሜዳው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያዋ ጠብታ የዳኛው አፍንጫ ላይ አረፈች። ከኋላቸው ጥሩወርቅ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ካውያቸውን እንደያዙ እትዬ ዘነበች ተከትለዋል።

«እናት መትታ አታውቅም!» አሉ የላይ ሰፈር ልጆች።

ዳኛው አሰበ። «ሕጉ የመታ ያመጣል ነው የሚለው፤ ስመኝ አምጥታለች። ማን ይምታ አይልም።»

የሮምነሽ ጠርሙሷን ለስመኝ አስያዘች፤ ቀሚሷን ሸከፍ አድርጋ ኳሷ ፊት ቆመች። ከዚያም ጠበቀች። ዝናቡ ጀመረ፤ ጠበቀች። ስመኝ በሆዷ ምቺው ምቺው ትላለች፤ እናቷ ግን ዓይኗን ከፊሽካው አልነቀለችም። መታገስ ያቃተው በረኛው ነው። ገና ፊሽካው ሲጮህ ወደ ግራ ተወረወረና ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። የሮምነሽም አየችው፤ ኳሷን በባዶው በኩል ገፋ አድርጋ አስገባቻት።

ታች ሰፈር ላይ ሰፈርን አሸነፈ። ስመኝ ጠርሙሱን እንደታቀፈች ዘለለች፤ እናቷን አንገቷን ይዛ ሳመቻት፤ ሪጎሬው ከእጇ መውጣቱንም ረሳችው። እንደዚያ ቀን በእናቷ ኮርታ አታውቅም።

ግቡ ግን መረብ አልነበረውም፤ ኳሷ ቁልቁለቱን ይዛ እየነጠረች ወረደች። ሁሉም ዞረው የሮምነሽን አዩ።

«የመታ ያመጣል» አለች የሮምነሽ፤ ጫማዋን አውልቃ በዝናብ ውስጥ ሮጠች። ከኋላዋ ስመኝ ከነጠርሙሱ፣ ከስመኝ ኋላ ጥሩወርቅ፣ ከጥሩወርቅ ኋላ ባሻና ጋሽ ላቀው፣ ከነሱ ኋላ እትዬ ዘነበች፣ ከሁሉም ኋላ እየጨፈረ የታች ሰፈር ልጅ በሙሉ።

ይኸው ዝናቡ መጣ፤ እኔም ጨረስኩ። ከነዚያ ሁለት በቆሎዎች ግን አንዷን ለተራኪው ለማስቀረት ያሰበ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።