የአንበርብር ጋሻና ሃይ ባይ ያጣው ገብስ

ቅርብ ያለ ይስማ፣ ሩቅ ያለ ይጠጋ፤ ነገሩ አጭር ነው፣ ግን እየሄደ ይረዝማል።

ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። የምትጫወተው ብቻዋን ነው፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና ነጥብ የተቆጠረባቸው ሁለት ዳይስ ይበቃታል። ወረቀቱ ላይ አንበርብር የሚባል ጀግና አለ። አንበርብር የሚሄድበትን አገር የምትፈጥረው እሷ ናት፤ በመንገድ የሚያገኘውን ሁሉ ሆና የምትናገረውም እሷው ናት። ነገር ሲያጠራጥራት ዳይስ ትጥላለች፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ እሺ ነው፣ ዝቅ ካለ እምቢ። አንድ ጥብቅ ሕግም አላት። የሞተ ጀግና አይነሣም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል።

አንበርብርን ክረምቱን ሙሉ ስትጫወተው ከርማለች። አሁን ምንጩን ዘግቶ ከተኛው ዘንዶ ጋር ሊገጥም ነው። ጎራዴው ስለት አለው፣ እግሩ ፈጣን ነው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈለት የመከላከያ ቁጥር ግን ሁለት ብቻ ነው። ጋሻው አርጅቶ መሃሉ ተበስቷል። ዘንዶው ሲነክስ የሚጣለው ዳይስ ከመከላከያው ቁጥር ከበለጠ ወረቀቱ መቀደዱ ነው። ስለዚህ ማስተዋል አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ አዲስ ጋሻ።

አንበርብር ወደ ጋሻ ሠሪው ሄደና ጋሻ ሥራልኝ አለው። ዳይሱ ተንከባለለ፣ ዝቅ አለ። ጋሻ ሠሪው፣ «ቆዳ ሳይኖር ምኑን ልወጥረው፣ ነጠላህን?» አለና ጀርባውን ሰጠው። ቆዳ ከሌለ ጋሻ የለም።

አንበርብር ወደ ቆዳ አልፊዋ ሄደ። ቆዳ ስጪኝ አላት፤ ቆዳውን ለጋሻ ሠሪው፣ ጋሻ ሠሪው ጋሻውን ለእኔ። ዳይሱ ዝቅ አለ። ሴትዮዋም ጨው ያልነካው ቆዳ ይሸታል፣ ዘንዶው ሳይደርስብህ ሽታው ይጨርስሃል አለችው። ጨው ከሌለ ቆዳ የለም፣ ቆዳ ከሌለ ጋሻ የለም።

አንበርብር ወደ ጨው ነጋዴው ሄደ። ነጋዴውን ከገበያው በታች መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘው፤ በቅሎው ከነጭነቷ ተኝታበታለች። ጨው ስጠኝ አለው፤ ጨውን ለቆዳ አልፊዋ፣ ቆዳውን ለጋሻ ሠሪው፣ ጋሻ ሠሪው ጋሻውን ለእኔ። ዳይሱ ዝቅ አለ።

ነጋዴው፣ «የአባቶቼ ወግ ነው፣ ወንድሜ» አለው። «የጨው ጭነት ገበያ ሳይደርስ አይፈታም። መንገድ ላይ የፈታ ሰው ዳግመኛ ገበያ አይቀናውም። መጀመሪያ እሷን አስነሣልኝ።»

በቅሎ ካልተነሣች ጨው የለም፣ ጨው ከሌለ ቆዳ የለም፣ ቆዳ ከሌለ ጋሻ የለም።

አንበርብር ወደ በቅሎዋ ጆሮ ጎንበስ አለ። ተነሽልኝ አላት፤ አንቺ ከተነሣሽ ነጋዴው ጨው ይሰጠኛል፣ ጨውን ለቆዳ አልፊዋ፣ ቆዳውን ለጋሻ ሠሪው፣ ጋሻ ሠሪው ጋሻውን ለእኔ። ዳይሱ ዝቅ አለ። በቅሎዋ አንድ ዓይኗን ብቻ ገልጣ፣ እንዲህ ያለውን ረጅም ነገር በባዶ ሆዴ አልሰማም፣ ገብስ ይዘህ ተመለስ አለችው። ገብስ ከሌለ በቅሎ አትነሣም፣ በቅሎ ካልተነሣች ጨው የለም፣ ጨው ከሌለ ቆዳ የለም፣ ቆዳ ከሌለ ጋሻ የለም።

አንበርብር ወደ እመት ወለላ ማሳ ሄደ፤ በአገሩ ገብስ የዘሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ገብስ ይስጡኝ አላቸው፤ ገብሱን ለበቅሎዋ፣ በቅሎዋ ትነሣና ጨው፣ ጨውን ለቆዳ አልፊዋ፣ ቆዳውን ለጋሻ ሠሪው፣ ጋሻ ሠሪው ጋሻውን ለእኔ። ዳይሱ ዛሬ ቂም ይዟል መሰለኝ፣ አሁንም ዝቅ አለ።

«የትኛውን ገብስ ነው የምትለኝ ልጄ?» አሉ እመት ወለላ። «ያ የምታየው የዝንጀሮ ገብስ ነው። ማሳዬ ሃይ ባይ አጥቷል። እነሱን አባርልኝና ጫንቃህ የቻለውን ያህል ውሰድ።»

ዝንጀሮ ካልሄደ ገብስ የለም፣ ገብስ ከሌለ በቅሎ አትነሣም፣ በቅሎ ካልተነሣች ጨው የለም፣ ጨው ከሌለ ቆዳ የለም፣ ቆዳ ከሌለ ጋሻ የለም።

አንበርብር ወደ ዝንጀሮዎቹ ሄዶ እባካችሁ ሂዱልኝ አለ፤ ምክንያቱንም ከገብሱ እስከ ጋሻው በትሕትና ዘረዘረላቸው። ዳይሱ ዝቅ አለ። ዋናው ዝንጀሮ እሸቱን እያኘከ፣ «ምን አልክ? አልሰማንህም» አለ።

ማስተዋል ደግሞ ጮኻ አታውቅም። ሳሙና ልትገዛ ስትሄድ እንኳ ባለሱቁ ጆሮውን በመስኮቱ ያወጣላታል። አሁን ዝንጀሮ ሆና የተናገረችው ራሷ ናት፤ ያም ሆኖ ዝንጀሮውን አፈረችው። ዝንጀሮዎቹ ሸሹ ብላ ብትጽፍ ማንም አያያትም። እርሳሱን አነሣች። ግን ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢያጭበረብር የሚያታልለው ማንን ነው? እርሳሱን አስቀመጠች።

ማሳ ጠባቂ ማማ ላይ ይወጣል። ማስተዋል ወንበር ላይ ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሃይ! ሃይ! ወግዱ ከገብሱ!»

ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥኑ ውስጥ ተንቀጫቀጩ። ዳይስ የሚጣለው ነገር ሲያጠራጥር ነው፤ ይህ አላጠራጠረም። እናቷ እጇ አረፋ እንደያዘ ከልብስ አጠባዋ ሮጣ መጣች።

«ማንን ነው?»

«ዝንጀሮ ነው፣ እማዬ።»

እናትየው መስኮቱን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ልጇን አየች። «ሄደልሽ?»

«ሄደ።»

ሄደ እንጂ! ዝንጀሮው ገብሱን ለቀቀ፣ እመት ወለላ ገብሱን ሰጡ፣ በቅሎዋ ገብሱን በላች፣ በልታም ተነሣች፣ ነጋዴው ገበያ ደረሰ፣ ጭነቱን እንደ ወጉ ፈታ፣ ጨው ለቆዳ አልፊዋ ሆነ፣ ቆዳ ለጋሻ ሠሪው ሆነ፣ ጋሻ ሠሪውም ወጠረ፣ ደበደበ፣ ጠፈረና ጋሻውን በአንበርብር ክንድ ላይ አጠለቀ። ማስተዋል ሁለትን በላጲስ አጥፍታ ዘጠኝ ጻፈች።

እናትየው ግን ወደ አረፋዋ አልተመለሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዘንዶው ማነው ብላ ጠየቀች። ማስተዋል እኔው ነኝ አለቻት። እናትየው ይሄማ አይሆንም፣ ሰው ራሱን አይነክስም አለችና ዳይሱን ወሰደች፤ በመዳፏ ውስጥ አንኳኳችው፣ እፍ አለችበት፣ ጣለችው። ስምንት መጣ። ጥሩ ንክሻ ነበር፤ የድሮው አንበርብር ቢሆን አልቆለት ነበር። የዘንዶው ጥርስ ከጋሻው ጋር ተላተመ፣ ተንሸራተተ፣ ተሰበረ።

እናትየው ወረቀቱን ቀና አድርጋ አየችው፤ የምር ተናዳለች።

«ይሄን ጋሻ ደግሞ ከየት አመጣብኝ?»

«ከዝንጀሮ» አለች ማስተዋል፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ዘንዶው ጥርሱን ይዞ ሄደ፣ ምንጩም ፈሰሰ። እኔም ከምንጩ ጠጥቼ መጣሁ፤ ገብሱ ለበቅሎዋ፣ ሳቁ ለእናንተ።