ወረፋ የያዙት ድንጋዮች

ተረት አለኝ፣ እስቲ ጠጋ በሉ!

ከዕለታት አንድ ቀን እመት ጦጢት ዋርካ ላይ ዥዋዥዌ ሰቀለች። መጀመሪያ አንድ ሙዝ ያመጣ ሁሉ እስኪበቃው ይጫወት ነበር። ደንበኛ ሲበዛላት ግን ለመቀመጫው አንድ ሙዝ፣ ለገመዱ ሌላ፣ ለመገፋቱም ሌላ ትቀበል ጀመር። ጭራሽ ገና ላልተሰቀለ ዥዋዥዌ ሙዝ ሰበሰበች።

እንስሳቱ ተናደው አያ አንበሶ ዘንድ ሄዱ።

«ኧረ ዘረፈችን! ይፍረዱልን!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ።

አንበሳ ጦጢትን አስጠርቶ «ምን ትመልሻለሽ?» አላት።

«አያ አንበሶ፣ እዚያ ዋርካው ሥር የተደረደሩትን ድንጋዮች ይዩልኝ» አለች። «ከሳሾቼ እዚህ ሊጮኹብኝ ሲመጡ፣ ለነገው ዥዋዥዌ ወረፋ ያስያዙት በነሱ ነው።»

አንበሳ ወደ ከሳሾቹ ዞሮ «እንግዲያው ድንጋዩን ላነሳ እፈርድለታለሁ» አለ።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ኤሊ ብቻ ቀስ ብላ ሄደችና ድንጋይዋን ከሰልፉ አወጣች።

ይህን ያየው ከርከሮ እየሮጠ ሄዶ የራሱን ድንጋይ በኤሊ ቦታ ተካው።