ትርንጎ እና የሚያለቅሰው ቅል

ጆሮ ያለው ይስማ፣ እንቅልፍ የያዘው ግድግዳውን ይደገፍ፤ እኔ እንደሆንሁ ጀምሬያለሁ።

ሞላልኝ የሚባል ሰው ነበረ፤ ትርንጎ የምትባል ሚስት ነበረችው። እህሉም አላቸው፣ ፍቅሩም አላቸው፤ ልጅ ግን የላቸውም። አንድ ዘመን ትርንጎ አረገዝሁ ብላ ለመንደሩ ሁሉ አወራች። መንደሩም መረቃት። ወሩ ገፋ፣ ወሩ አለፈ፣ ሆዷ ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፊት ለፊት የሳቀባት የለም፤ ከኋላዋ ግን ያልሳቀ የለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ባልና ሚስቱ አጥራቸው ሥር ቅል ዘሩ። ሐረጉ አጥሩን ወጣ፣ አበበ፣ አንድ ቅል ብቻ አፈራ፤ እሱም እንሥራ አክሎ አደገ። መቼም ቅል መድረቁን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንሥቶ ይወዘውዘዋል፤ ፍሬው ከውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ሞላልኝም አንድ ጠዋት ቅሉን ቆረጠና ወዘወዘው። ቅሉ አለቀሰ።

ሞላልኝ ደንግጦ ሊጥለው ሲል ትርንጎ ከእጁ ነጠቀችው። ጆሮዋን ለጠፈችበት። ጥጃ አይደለም፣ ድመት አይደለም፣ የተራበ ሕፃን ነው። ቅሉን ታቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቢላዋ አምጣ አለችው ባሏን። ያን ጊዜ ቅሉ ከእቅፏ ውስጥ ተናገረ።

«ቢላዋ የነካኝ እንደሆን ውስጤ ያለውም ይቆረጣል። ገንፎ ያልተገነፋበት ቤት ደግሞ የወላድ ቤት አይደለም። ያለ ገንፎ አልከፈትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሹ ያልቃል።»

ቅል ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱም አልሰሙም ነበር። ሞላልኝ ለማንም እንዳትነግሪ አላት። ዓይን ይበላብናል፤ ደግሞስ እንደዚያን ጊዜ ከንቱ ቢቀር በየት በኩል ሰው ፊት እንቆማለን አላት። ትርንጎም እውነት ነው አለች። ቅሉን በጋቢው ጠቅልላ ደረቱ ላይ አስታቀፈችውና ወደ ጓዳ ሮጠች።

የቤቱን ውሃ ጨርሳ ጣደች፣ ዱቄቱን ነሰነሰች፣ አማሰለች። ቢማሰል ቢማሰል ገንፎው እንደ አጥሚት ቀጠነ። ለማን ነው የምገነፋው ብሎ ከድስቱ ውስጥ ጠየቃት። ትርንጎ አንዴ ምላሷን ነክሳለች፤ «እንዲያው ነው» አለች። ለእንዲያውማ ያለ ቅቤ አልገነፋም አለ። ገንፎው ያለ ቅቤ አልገነፋም አለ፣ ቅሉ ያለ ገንፎ አልከፈትም አለ፣ ሕፃኑም ከውስጥ አለቀሰ።

ቅቤ ያለው ጎረቤት፣ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ነው። ትርንጎ ከፊት፣ ሞላልኝ ቅሉን ታቅፎ ከኋላ እየሮጡ ሄዱ። እማማ ደብሪቱ ጋቢውን በዓይናቸው ለኩት፤ ቅቤው ለማን ነው አሏት። እንዲያው ነው አለች። ለእንዲያውማ ምን አስቸኮለሽ፣ እንሥራዬ ባዶ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ ቅጂልኝ አሉ። እማማ ደብሪቱ ያለ ውሃ ቅቤ አልሰጥም አሉ፣ ገንፎው ያለ ቅቤ አልገነፋም አለ፣ ቅሉ ያለ ገንፎ አልከፈትም አለ፣ ሕፃኑም ከውስጥ አለቀሰ።

ትርንጎ እንሥራውን አዝላ፣ ሞላልኝን አስከትላ ምንጩ ዘንድ ወረደች። አንድ ቀይ በሬ የምንጩ አፍ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል፤ ጠብ የሚል ውሃ የለም። እባክህ ፍሰስልኝ አለችው ምንጩን። ለማን ነው አላት። እንዲያው ነው። ለእንዲያውማ ከበሬ ጋር አልጣላም፣ በሬው ሳይነሣ አልፈስም አለ። በሬውን ለመነችው። እሱም ሳያመነዥክ አይናገርም፤ አመነዠከ፣ አመነዠከና ለማን ነው አለ። እንዲያው ነው። ለእንዲያውማ ያለ አሞሌ ጨው ጭራዬንም አላነሣም አለ። በሬው ያለ ጨው አልነሣም አለ፣ ምንጩ በሬው ሳይነሣ አልፈስም አለ፣ እማማ ደብሪቱ ያለ ውሃ ቅቤ አልሰጥም አሉ፣ ገንፎው ያለ ቅቤ አልገነፋም አለ፣ ቅሉ ያለ ገንፎ አልከፈትም አለ፣ ሕፃኑም ከውስጥ አለቀሰ፤ ልቅሶው ግን ቀጠነ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ባልና ሚስቱ ዳገቱን ወጡ። ጨው ነጋዴው አያ እንድሪስ አህዮቹን ጭኖ፣ ጭነቱን ጠፍሮ፣ መንገድ ሊጀምር ጅራፉን ይዟል። አንድ አሞሌ ፍታልኝ አለችው። አያ እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስንት ላብ አፍስሶ የጠፈረውን ጭነት የሚፈታ ነጋዴ የት አለ? ለማን ነው አላት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ እንዲያው ነው አለች። ለእንዲያውማ የተጫነ አህያ አይፈታም አለ።

አያ እንድሪስ ጭነቱን አልፈታም አለ፣ በሬው ያለ ጨው አልነሣም አለ፣ ምንጩ በሬው ሳይነሣ አልፈስም አለ፣ እማማ ደብሪቱ ያለ ውሃ ቅቤ አልሰጥም አሉ፣ ገንፎው ያለ ቅቤ አልገነፋም አለ፣ ቅሉ ያለ ገንፎ አልከፈትም አለ፣ ሕፃኑም…

ሕፃኑ ዝም አለ።

ሞላልኝ ጋቢውን ገለጠ። ቅሉን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ፊቱ አመድ መሰለ። ትርንጎ የባሏን ፊት አየች። የሰው ሳቅ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጋት ነው? መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ለልጄ ነው! ልጅ አለኝ፣ ቅሉ ውስጥ ነው፣ ሊሞትብኝ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።»

ልጄ የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሷ ራሷ ደነገጠች። የሳቀ ግን አልነበረም። አያ እንድሪስ ጠፍሩን መፍታት ሲያዘገየው በጩቤ በጠሰው፤ ጨው መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይጠብቃል! አያ እንድሪስ አሞሌውን ይዞ ሮጠ፣ በሬው ጨው ልሶ ተነሣ፣ ምንጩ ተንደቅድቆ ፈሰሰ። እማማ ደብሪቱማ ውሃውንም አልጠበቁ፤ ቅቤውን ከነማስቀመጫው ታቅፈው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ከሁሉም ቀድመው ትርንጎ ጓዳ ገቡ፤ ባልና ሚስቱም ቅሉን ይዘው ተከትለው ደረሱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ምነው ከጠዋቱ ብትነግሪኝ» እያሉ ቅቤውን ገንፎው መሐል አፈሰሱት።

ቅቤው ገባ፣ ገንፎው ገነፋ፣ ሽታው ቤቱን ሞላ። ቅሉ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ሴት ልጅ ናት። ነጫጭ የቅል ፍሬ ጸጉሯ ላይ ተጣብቋል። ዓይኗ ተከድኗል፣ አትንቀሳቀስም። እማማ ደብሪቱ ጣታቸውን ቅቤ ነክረው ከንፈሯን ቢያብሱት፣ አነጠሰች። ከዚያ አለቀሰች፤ ኧረ እንዴት ያለ ልቅሶ! ጩኸቷን ሰምተው የመጡት የመንደሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

እማማ ደብሪቱም ልጅቱን ትርንጎ እቅፍ ውስጥ አስቀመጡና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ትርንጎ ይህን ቃል በየወላዱ ቤት ስትለው ኖራለች፤ ለእሷ የተናገረው ሰው ግን አልነበረም። ልጇን አንገቷ ሥር ሸጉጣ አለቀሰች።

ወንዶቹ ደጅ ቆመዋል። አያ እንድሪስ ገንፎው ጨው እንዳያንሰው ብሎ ቆራሽ አሞሌ ዘረጋ፤ «የልጅቱ አባት፣ እንካ ተቀበለኝ» አለ። ሞላልኝ ማን ተጠራ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ተረቴ እዚህ ላይ በቃት። የሰማ ለልጁ ያውራ፣ ልጅ የሌለው ለጎረቤቱ ልጅ።