በምርጫ ቀን ሽንኩርት ያስነቀለው ሰው

አንድ ሰፊ የሽንኩርት እርሻ ያለው ሀብታም ነበር፤ ስሙም ጓንጉል ይባላል። በአገሩ የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍል ሹም አለ፤ «የውሃ አባት» ይሉታል። በየሁለት ዓመቱ ወንዙ ዳር ምርጫ ይደረጋል። የተወዳዳሪዎቹ ቅሎች ከመጋረጃ ጀርባ ይደረደራሉ፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየገባ በወደደው ሰው ቅል ውስጥ አንዲት ጠጠር ይጥላል።

ጓንጉል ይህን ሹመት እንቅልፍ እስኪያጣ ተመኘው። በምርጫው ዋዜማ በሬ ጥሎ የድል ድግስ አስደገሰ።

በማለዳ ዘርፌ የምትባል ሠራተኛ ጓደኞቿን ወክላ መጣች። የሠራተኞቹ የጎመን መደብ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ውሃ የሚደርሳቸው ሹሙ ደግ ሲሆን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምርጫ ነው። ጠዋቱን ይፍቀዱልን፤ እንደጨረስን ከተፍ እንላለን።»

«ሽንኩርቱንስ ማን ይንቀልልኝ? መኪናው ማታ ይመጣል። አይሆንም!»

ሚስቱ ነጠላዋን ስታነሳ ደግሞ «አንቺስ ወዴት? ወጡን ማን ያማስላል?» ብሎ መለሳት። ከዚያ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ብቻውን ወረደ።

ሲቆጠር በጓንጉል ቅል ውስጥ የተገኘችው ጠጠር አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የራሱ። ያን ሁሉ ሰው እርሻው ላይ አስቀምጦ ድምፅ ፍለጋ መውረድ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ድግሱ እንዳይበላሽ ሠራተኞቹ ተጠርተው እየሳቁ በሉት።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ብትሄዱ ትመርጡኝ ነበር?» ሲል ዘርፌን ጠየቃት።

«ቢፈቅዱልን እንመርጥዎ ነበር። ከከለከሉን በኋላ ግን ብንሄድ ጠጠራችን ሁሉ ሌላ ሰው ቅል ውስጥ ነበር የሚገባው፤ ለእርስዎ ሲባል እንኳንም አልሄድን!»

የተመረጠው ሰው ውሃውን ለዘመዶቹ አዞረው። የዘርፌ ጎመን ደረቀ፣ የጓንጉልም ሽንኩርት አብሮ ጠወለገ። ጓንጉል ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከርሞ ልብ ገዛ። በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ተወዳደረ። ዘርፌም ቅሏን አቅርባ ነበር፤ እሱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ጎህ ሲቀድ እርሻው በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ሥራ የለም፤ ደመወዛችሁም አይነካም። ሂዱ ምረጡ!» አለ። ሠራተኞቹ እያጨበጨቡና እየዘፈኑ ወረዱ፤ ሚስቱ ከፊት ነበረች።

ያሸነፈችው ዘርፌ ሆነች። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ፤ ሹመቱም በዚያው ቀን «የውሃ እናት» ተባለ። ጓንጉል ግን ክው አለ።

«ቀን ሰጥቼሽ እኔኑ ትጥይኛለሽ?»

«ጋሼ፣ ቀኑን ለቀቁልን እንጂ ልባችንን አልገዙትም። ይልቅ ቦይዎን ያስጠርጉ፤ ነገ ጠዋት የእርስዎ ተራ ነው።»

ጓንጉል መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ አመለጠው። በማግስቱ ውሃው እየጎረፈ እርሻው ሲገባ እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ተራውን የነጠቀው ሰው የለም፤ የዘርፌም ጎመን ለመለመ።

ወዳጆቼ፣ ሠራተኛ ለመምረጥ የሚወጣበት ሰዓት የአሠሪው ውለታ አይደለም፤ መብቱ ነው። ውለታ ቢሆን ብድሩ ለአሠሪው ብቻ ይመለስ ነበር። መብት ሲከበር ግን የሚጠቀመው አገሬው ሁሉ ነው፣ የተሸነፈውም ጭምር። እርስዎስ፣ ሠራተኛዎ በምርጫ ቀን «ልሂድ» ቢልዎት፣ ማንን እንደሚመርጥ ሳይጠይቁ በሩን ይከፍቱለታል?