ሽፋኑ ላይ የተጻፈው

በአንዲት ትንሽ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት ምላሰኛ ሠራተኛ ነበረች። የመጣውን አንባቢ ሁሉ እያጫወተች የሚሆነውን መጽሐፍ ትመርጥለታለች። ንብ ማነብ ላማረው ሰው የንብ እርባታ መጽሐፍ ትሰጠዋለች፤ ሚስታቸው ለሞቱባቸው ለጋሽ መንበሩ ደግሞ የሚያስቅ ልብ ወለድ።

አንድ ቀን የከተማው አስተዳዳሪ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ለጉብኝት መጡ። በግቢው የቆመውን የውሃ ቧንቧ አምና ሪባን ቆርጠው የመረቁት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ የጭብጨባ ቀን ወዲህ ግን ቧንቧው ውሃ ጠብ አድርጎ አያውቅም።

አስተዳዳሪው ገና ሲገቡ ጋሽ መንበሩ መጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረው ብቻቸውን ሲስቁ አዩና ተቆጡ።

«ይህን የሚያህል ሽማግሌ ውሸት እንዲያነብ ትመክሪያለሽ?» ብለው ሠራተኛዋ ላይ ጮኹ። «ለትልቅ ሰው የሚገባው እውነተኛ ታሪክና እውቀት ብቻ ነው! በልብ ወለድ ደራሲና በውሸታም መካከል ምን ልዩነት አለ? አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ይህ መደርደሪያ ዛሬውኑ ይወጣል፤ አንቺም ተከትለሽው ትወጫለሽ!»

ጋሽ መንበሩ ሳቃቸውን ዋጡ። ሠራተኛዋ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበለችና ሽፋኑን ወደ አስተዳዳሪው አዞረች።

«ይኸው ይመልከቱ፣ ክቡርነትዎ» አለች። «ደራሲው ገና ከሽፋኑ ‹ልብ ወለድ› ብሎ ጽፎ አስጠንቅቆናል። እርስዎ ቧንቧውን ሲመርቁልን ግን ምንም ስላልጻፉበት፣ እኛ ሞኞቹ ጀሪካናችንን ይዘን ተሰለፍን።»