ያላየውን ያወጀ ሰው

አንድ ይርዳው የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበር። ነጋሪቱን ሲጎስም ሻጩም ገዢውም ሥራውን ትቶ ያደምጠዋል። ከንጉሡ የተሰጠውን ቃል ይናገራል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ቃሉ እውነት ይሁን አይሁን ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ዓመት ሕዝቡ ለንጉሡ አዲስ ግቢ ድንጋይ ማመላለስ ሰልችቶት ማጉረምረም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ንጉሡ ለይርዳው አዲስ ቃል ሰጡት፤ የወንዙ ማዶ ሰዎች ጦር እየሳሉ ነው፣ ልጆቻችሁን ሊማርኩ ነው የሚል። ይርዳው በየገበያው ይህንኑ ለፈፈ። አዝማሪዎች ዘፈኑት። እናቶችም የሚያለቅስ ሕፃን "የማዶ ሰው መጣብህ" እያሉ ዝም ማሰኘት ያዙ። ስለ ድንጋዩ የሚያነሳ ጠፋ።

በሦስተኛው ክረምት ይርዳውን በወንዙ ዳር ሲያልፍ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ነፍሱን ሲያውቅ ማዶ፣ በአንድ ሸማኔ ቤት እሳት ዳር ተኝቷል። አሁን ያርዱኛል ብሎ አሰበ። ሸማኔው ግን ትኩስ አጥሚት አቀረበለት። ይርዳው ሲያገግም ሸማኔው እየሳቀ አጫወተው፤ ከውሃው ከማውጣታቸው በፊት ጎረቤቶቹ እናውጣው አናውጣው ብለው ተከራክረው ነበር። የእነሱም አዋጅ ነጋሪ ስለ ይርዳው አገር ሰዎች ያንኑ ነግሯቸው ኖሯል። ይርዳው እዚያ ሲሰነብት የሚሳል ጦር አላየም። ያየው ለንጉሣቸው ድንጋይ ማመላለስ የሰለቻቸው ሰዎችን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አገሩ ተመለሰ። ንጉሡም የክተት አዋጅ እንዲያውጅ አዘዙት። ይርዳው ገበያው መሐል ቆሞ ክተት አውጅ መባሉን፣ ማዶ ግን ጦር የሚስል ሰው አለማየቱን ተናገረ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ጠላት ገዝቶታል ያሉም ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው ለዘመቻ የተዘጋጁ እማማ ላቀች የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ወደ ፊት ወጡ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ጦር እየሳሉ ነው ስትለን አይተህ ነበር?"

"አላየሁም፣ እማማ። ተናገር የተባልኩትን ነው የተናገርኩት።"

"አሁንስ?"

"አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እኔንም አትመኑኝ። ውሃው ጎድሏል፤ ተሻግራችሁ እዩ።"

እማማ ላቀች ልጆቻቸውን ይዘው ተሻገሩ፤ ብዙ ሰውም ተከተላቸው። የሚሳል ጦር አጥተው በማግሥቱ ሲመለሱ ገበያው መሐል ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ።

"ልጆቼን ለወሬ ልሰጥ ነበር" አሉ።

ንጉሡ የሚከተላቸው ሲያጡ ዘመቻውን ተዉት። ይርዳው ከሥራው ተባረረ፤ ግን እንደዚያን ቀን ልቡን ቀሎት አያውቅም።

ወዳጆቼ፣ ደጋግመን የሰማነው ነገር እውነት ይመስለናል፤ ዘፈንና ማስፈራሪያ ሲሆን ደግሞ ከየት እንደመጣ መጠየቅ እንተዋለን። ወሬ የሚያመጣልንን ሰው "አይተህ ነው ወይስ ተነግሮህ?" ማለት የብዙ እናት እንባ ያስቀራል። እስቲ እናንተም አስቡት፤ ዛሬ ከምትጠሏቸው ሰዎች መካከል የስንቱን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ?